የሱሉልታው ጾመኛ

የአራተኛ ዓመት የሶሻል ወርክ ተማሪ ሳለሁ የመስክ ልምምድ ቦታ የሚታደለው በዕጣ ነበር። ትምህርት ቤት ወይም የሕፃናት ማሳደጊያ እንዲደርሰኝ ስለት መሳል ብቻ ነው የቀረኝ። ወረቀቱን ስፈታው ግን የወጣልኝ የማይድኑ ሕሙማንን በየቤታቸው እየዞረ የሚያስታምም አንድ ትንሽ ድርጅት ሆነ። ጓደኞቼ በዚያው ቀን «አልቃሿ» የሚል ስም አወጡልኝ። እናቴ ደግሞ ሰበታ ቤታችን ደጃፍ ላይ ቆማ «ለሰው ልጅ ሥራ ሲወጣለት ላንቺ አስከሬን መጠበቅ ወጣልሽ?» ብላ አማተበች። እኔ በተፈጥሮዬ ቁጡ ነኝ። ያን ቀን መምህሩንም፣ ዕጣውን ያወጣውንም፣ ወረቀቱን ራሱንም ተቆጥቻለሁ።

የድርጅቱ ቢሮ ቡራዩ ነው። ጠዋት ጠዋት ከሰበታ ታክሲ እየቀያየርኩ እደርስና ከነርሷ ጋር በድርጅቱ አሮጌ መኪና ወደ ታማሚዎቹ እንሄዳለን። ነርሷን ሁሉም ሰው «ሲስተር» ነው የሚላት፤ አጭር፣ ጠንካራ፣ ወሬ የማታበዛ ሴት ናት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የኔ ሥራ የሲስተርን ቦርሳ መሸከም ነበር ማለት ይቻላል። እሷ ቁስል ስታጥብና መድኃኒት ስትሰፍር እኔ ጥግ ይዤ ማስታወሻ እጽፋለሁ። «እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?» ብዬ በትልቁ የጻፍኩበት ገጽ ዛሬም ደብተሬ ውስጥ አለ።

በአራተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሱሉልታ ዳር ወደሚገኝ አንድ ግቢ ሄድን። ዐቢይ ጾም ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ግቢው በድንጋይ ካብና በባሕር ዛፍ የታጠረ ነው፤ ሁለት ላሞችና አንድ ትልቅ የሣር ክምር አለበት። በእኔ ዕድሜ ያለች የቤቱ ልጅ በሩ ላይ አስቆመችን።

«ሲስተር፣ አደራሽን፣ የበሽታውን ስም እንዳታነሺበት። ብርድ ነው ብለነዋል።»

ብርድ ያሉት ካንሰር ነው። የአባትየው ወገብ አጥንት ውስጥ ገብቶ ሐኪም ቤት «ወደ ቤት ውሰዷቸው» ብሎ መልሷቸዋል። የሰፈሩ ሰው «ኦቦ» ብሎ ከነስማቸው ይጠራቸዋል፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «አባባ» አልኳቸው። የጋቢያቸውን ጫፍ ነክሰው፣ ግንባራቸው በላብ ርሶ፣ በጎናቸው ተኝተው ነበር። እንዲያም ሆኖ እኔን ሲያዩ ጋቢውን ከአፋቸው አውጥተው «አከም ጅርታ? ኮቱ፣ ታኢ» አሉኝ፤ እንዴት ነሽ፣ ነይ ተቀመጪ ማለታቸው ነው። ሰበታ ተወልጄ አድጌ ኦሮምኛዬ ከገበያ የማያልፍ ቢሆንም ለዚህ ለዚህ አላንስም።

ሲስተር ሚስትየውን ልታናግር ወጣ ስትል ሰውየው እጄን ያዙኝ።

«እነሱ ብርድ ነው ይሉኛል፣ እኔም ብርድ ነው እላቸዋለሁ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አትዋሺኝ። የልጄ ሰርግ የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ነው። ሃምሳ አራት ቀን ቀርቶታል። እደርሳለሁ?»

ክፍል ውስጥ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የሚሆን ሦስት ዓይነት መልስ ተምረናል። አንዱም ትዝ አላለኝም።

«አላውቅም፣ አባባ።»

«ዱጋ» አሉ፤ እውነት ነው ማለታቸው ነው። «መድረሱን ለፈጣሪ እተወዋለሁ። ግን ከደረስኩ ልጄ ጉልበቴን ስማ ስትወጣ እንደ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጬ ልመርቃት ነው የምፈልገው። አልጋ ላይ እየጮህኩ አይደለም።»

ሙሽራ የአባትና የእናቷን ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ ነው ከቤት የምትወጣው። አንድ አባት ከዚያች ሰዓት ሌላ ምን ይጠብቃል? ከዚያን ቀን ጀምሮ የሳቸው ወንበር የኔም ጉዳይ ሆነ።

ሲስተር የምትሰጣቸው በጠርሙስ ያለ ፈሳሽ ሞርፊን ነው። ሰዓቱን እኔው በትልልቅ ፊደል ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩላቸው፤ ጠዋት አሥራ ሁለት፣ ረፋድ አራት፣ ከሰዓት ስምንት፣ ማታ አሥራ ሁለት፣ ሲተኙ ደግሞ እጥፍ። ሕመሙ ሳይመጣ መቅደም ነው ምስጢሩ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ስንሄድ ግን ያው ላብ፣ ያው ጋቢ መንከስ ሆኖ አገኘነው። በሦስተኛውም ማክሰኞ እንደዚያው። «በሰዓቱ ይሰጣሉ?» ስትል ሲስተር ሚስትየውን ትጠይቃለች። «ምን በወጣቸው፣ ይወስዳሉ!» ይሏታል። ጠርሙሱን ብርሃን ላይ አንሥታ ታየዋለች፤ መጉደል የሚገባውን ያህል ጎድሏል። ግራ ገባት። ሐኪሙን ደውላ ስታማክረው ከሚቀጥለው ማክሰኞ ጀምሮ መጠኑ እንዲጨመር ተስማሙ።

በመካከሉ ሐሙስ ዕለት ብቻዬን ወደ ሱሉልታ ሄድኩ። ለትምህርቴ የአንድ ታማሚ ታሪክ ጽፌ ማስረከብ ነበረብኝና እሳቸውን ላነጋግር ነው። አዲሱ ገበያ ታክሲ ጠፍቶ ቆሜ ስቃጠል ውዬ አሥር ሰዓት ሲሆን ደረስኩ። ግቢው ውስጥ የማየውን ማመን አቃተኝ። ሰውየው ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ እየሞቁ፣ አማቻቸው የሚሆነው ልጅ ሽማግሌ የላከ ዕለት ከፈረስ እንዴት እንደወደቀ እያወሩ ይስቃሉ። የሳቸው ሳቅ እንዲህ ጎላ ያለ መሆኑን ያን ቀን ገና ሰማሁ።

«ማክሰኞ ያየኋቸው አባባ እርስዎ ነዎት?» አልኳቸው።

«ከጾም ስወጣ ሰው እሆናለሁ። ቅዳሜና እሑድማ በጧት ስለምቀምስ፣ መጥተሽ ብታዪኝ እዘፍንልሻለሁ።»

ደብተሬን አውጥቼ ስለ ልጅነታቸው ጠየቅኳቸው። መናገር ጀምረው በወሬያቸው መሀል አንገታቸው ዘንበል አለ። ጠራኋቸው፤ አልሰሙኝም። ሁለተኛ ጠራኋቸው። ሚስታቸው ከቤት ብቅ ብለው «ተያቸው ልጄ፣ ጾሙ አድክሟቸው ነው። ውሃ እንኳ የሚቀምሱት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው» አሉኝ።

«መድኃኒቱስ?»

«እሱንማ አላጎድልባቸውም!» አሉ ኮራ ብለው። «የጠዋቱን፣ የረፋዱንና የስምንት ሰዓቱን አጠራቅሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በአንድ ብርጭቆ እሰጣቸዋለሁ።»

ማክሰኞ ጠዋት የምናያቸው ሰው ከሌሊት ጀምሮ አንዲት ጠብታ ያልቀመሱ ናቸው። ከሰዓት ደግሞ ሦስት እጥፍ ይጠጣሉ። ጠርሙሱ ልክ የሆነውም ለዚህ ነው። በሚቀጥለው ማክሰኞ መጠኑ ቢጨመር ኖሮ ያ ሦስት እጥፍ ትንፋሻቸውን ይዞት ሊሄድ ይችል ነበር። ይህን ቀስ ብሎ የሚያስረዳ ሰው በቦታዬ ቢኖር መልካም ነበር፤ የነበርኩት ግን እኔ ነኝ።

«ሊገድሏቸው ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩ። ሰውየው ባነኑ። ዞሬ እሳቸውንም አልማርኳቸውም፤ «እግዚአብሔር የታመመን ሰው ጹም አላለም፣ ይሄ ጾም አይደለም!» አልኳቸው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው ለኔ ሳይሆን አይቀርም። ሚስትየው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ።

ሰውየው ድምፃቸውን ሳያነሱ «አንቺ ቄስ ነሽ?» አሉኝ። «ሠላሳ ዓመት አብራኝ የኖረችውን ሴት በገዛ ደጇ ገዳይ አልሻት። ሂጂ። ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳትመጪ።»

በሩ ላይ የምትዳረው ልጃቸው ስትከተለኝ እያለቀስኩ ለሲስተር ደወልኩ። ሲስተር ስልኩን ለልጅቷ እንድሰጣት ነገረችኝ፤ መድኃኒቱ ምንም ቢሆን በአንድ ላይ እንዳይደረብ ለልጅቷ ደጋግማ አስረዳቻት፤ የሚጨመረውንም መጠን በዚያው አስቀረችው። ትልቁ አደጋ አለፈ። ግን ሳይደረብ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ካልቀመሱ ጠዋታቸው ያው ስቃይ ነው፤ እንዲህ እየተሰቃዩ ደግሞ እስከ ሰርጉ የሚቆይ አቅም አይተርፋቸውም።

በማግስቱ ሲስተር ቢሮ ውስጥ አፍጥጣ አየችኝ። «እኔ ሦስት ማክሰኞ ያላየሁትን አንቺ በአንድ ቀን አየሽው፣ ነፍስ ነው ያዳንሽው» አለች። ደስ ሊለኝ ሲል ቀጠለች፤ «አፍሽ ግን ቤቱን ዘግቶብናል። ተነሺ እንሂድ፣ ድንጋይ ተሸክመሽ ትገቢያለሽ።» እየቀለደች ይሁን የምሯን አላወቅኩም። እኔ ግን የምሬን ወሰድኩት። ግቢው በር ላይ የወደቀ ድንጋይ አንሥቼ ማጅራቴ ላይ ተሸክሜ፣ አንገቴን ደፍቼ ገባሁ። ይቅርታ እንዲህ ሲጠየቅ ያየሁት ልጅ ሆኜ፣ አባቴ ከወንድሙ ጋር ሲታረቅ ነው። ድንጋዩን ስመርጥ አለማመዛዘኔ ገና ሦስት እርምጃ ሳልሄድ ታወቀኝ።

ሚስትየው እንዳዩኝ «ውይ በሞትኩት! ጣይው፣ ጣይው፣ አንገትሽ ይሰበራል!» ብለው እየሮጡ መጥተው ድንጋዩን ከላዬ ጎተቱት። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል አነሡኝና ሳሙኝ። ከውስጥ የባልየው ድምፅ ተሰማ፤ «ትግባ! ድንጋዩን ግን ከነበረበት መልሱ፣ የአጥሬ ነው።»

ሰዓቱ ረፋድ ስለሆነ ሕመማቸው በርትቷል። አልጋው ሥር ተቀመጥኩ። በዚህ ጊዜ አልተናገርኩም፤ ጠየቅኩ።

«አባባ፣ የነፍስ አባትዎ ምን ይላሉ?»

«ለሳቸውም ብርድ ነው ብለናቸዋል» አሉ። ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ ያላፈረሱትን ጾም ዛሬ በሞት ፊት ፈርተው ቢያፈርሱ ምን ፊት ይዘው እንደሚቀርቡ ነገሩኝ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። በሽታውን ሁሉ ሰው ከሁሉ ሰው ስለደበቀ፣ ጾሙን ሊፈታላቸው የሚችለው አንድ ሰው የሚፈታ ነገር መኖሩን አያውቅም። የታማሚን ምስጢር ያለፈቃዱ ይዞ መውጣት በሙያችን ነውር ነውና፣ ለቄሱ እንድነግራቸው ይፈቅዱልኝ እንደሆነ ለመንኳቸው።

«ንገሪያቸው። ለሚስቴ ግን እንዳትነግሪያት፣ ማወቄን ከሰማች ልቧ ይሰበራል።»

ስወጣ ሚስትየው ጓዳ ስበው አስገቡኝ። «አደራ ልጄ፣ ካንሰር መሆኑን እንዳትነግሪያቸው። ልባቸው ይሰበራል።» ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ።

ቄሱን ያገኘኋቸው እዚያው ቀን፣ ከሰዓት፣ ቅዳሴ ሲወጣ ነው። ከታማሚው በሃያ ዓመት ያህል የሚያንሱ፣ ጥቁር ጢም ያላቸው ሰው ናቸው። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝና መስቀላቸውን መሬት ላይ የሚወረውሩ እስኪመስለኝ ተቆጡ። «ብርድ አሉኝ እኮ! በየሳምንቱ እየሄድኩ ለብርድ ነው የምጸልየው! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰሙም?» እንደኔ የሚቆጣ ሰው በማግኘቴ ደስ አለኝ።

እሑድ ከሰዓት መጡ፤ እኔም የሰዓቱን ወረቀት ይዤ እንድገኝ አዘው ነበር። አልጋው አጠገብ ተቀመጡ። ሚስትየው፣ ልጅቷና እኔ ቆመናል።

«ልጄ፣ ጾሙን ፈትቼሃለሁ። ቤተ ክርስቲያን ታማሚን አታስጾምም።»

«አባ፣ ይፍቱኝ። እኔ ግን አልፈታም» አሉ ሽማግሌው።

ቄሱ ጢማቸውን አሻሹ። «እንግዲያው ቀኖና እሰጥሃለሁ።»

ሽማግሌው ለመነሣት ሞከሩ። ስግደት ቢሉ ሊሰግዱ፣ ዳዊት ቢሉ ሊደግሙ ተዘጋጁ። ለነፍሱ ቀኖና የተሰጠው ሰው ያጓድላል ብሎ ነገር እዚያ ቤት አይታወቅም።

«ከዛሬ ጀምረህ፣ ይቺ ልጅ በጻፈችው ሰዓት፣ በቀን አምስት ጊዜ፣ ሳታስታጉል፣ ሳታዘገይ፣ ሳትደርብ መድኃኒትህን ትወስዳለህ። ቀኖናህ ይሄ ነው። አንዷን ብታሳልፍ እንደ ጾም ሻሪ እቆጥርሃለሁ።»

ሚስትየው ምስጢሩ እንዳይወጣ ሰጉና «ለብርድ ነው እንዴ አባ ይሄ ሁሉ ቀኖና?» አሉ።

«ብርድ አይደለም» አሉ ባልየው ወደ ጣሪያው እያዩ። «አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመስከረም።»

«እኔ በጥቅምት ነው የሰማሁት!» ብለው ሚስትየው ትከሻቸውን በመዳፋቸው መቱት። «ከኔ ቀድመህ እያወቅህ ብርድ ነው ትለኝ ነበር?» እያለቀሱ ይስቃሉ፣ እየሳቁ ያለቅሳሉ። ልጅቷ በመካከላቸው ተደፋች። ቄሱም እኔም ወደ ደጅ ወጣን።

ማክሰኞ ረፋድ ከሲስተር ጋር ስንደርስ ሰውየው አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ይታጠቡ ነበር። ግንባራቸው ላይ ያለው የውሃ እንጂ የላብ አልነበረም። ሲስተር ወዲያው ወደኔ ዞረች፤ ስንወጣም ቦርሳዋን ራሷ ተሸከመች። ኩራት ተሰማኝ። ሰበታ እስክደርስ በሦስቱም ታክሲ ለብቻዬ ስስቅ ሰዎች ሳያዩኝ አልቀሩም። እናቴን «ዛሬ አንድ ሰው ፊቱን ታጠበ» ስላት ግራ ገብቷት አየችኝ፤ ጠቅላላውን ስነግራት ግን እሷም ተነሥታ እልል አለች።

መንገዱ ከዚያ በኋላ ሁሉ ሜዳ ነበር አልልም። በሽታው ሥራውን አላቆመም። በሰሙነ ሕማማት ምግብ ቀነሱ፣ እንቅልፍ አበዙ። ስቅለት ዕለት ካልሰገድኩ ብለው አስቸገሩ፤ ቄሱ «ቀኖናህን ጨርስ» ብለው አስተኟቸው። ፋሲካንም አልጋ ላይ ዋሉ። ረቡዕ ትኩሳት ያዛቸው፤ ልጅቷ ሰርጉ ይቅር ብላ ብታለቅስ «እኔ ሳልቀር ሰርጉ ይቀራል?» ብለው ተቆጧት። ሲስተር ያን ሳምንት በየቀኑ ሄደች። እኔም በየቀኑ ሄድኩ፤ ልምምዴ አልቆ ስለነበር ማንም አልጠየቀኝም፤ ማን ሊያስቀረኝ!

የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ድንኳኑ ሞልቶ ፈሰሰ። ሰውየው ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ አዲስ ጋቢ ደርበው፣ መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ከጀርባቸው ትራስ ተደርጎላቸው በድንኳኑ መሀል ተቀምጠዋል። ልብሱ ሁለት ሰው ያስገባል፤ ሰውየው ግን ቀጥ ብለዋል። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ እየተጨፈረለት ገባ። ሙሽሪት ተንበርክካ የአባቷን ጉልበት ስትስም እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። ሲስተር ክንዴን ቆንጥጣ ይዛኛለች።

ለስምንት ሰዓት ሩብ ሲቀረው መመረቅ ጀመሩ። በአማርኛ መረቁ፣ በኦሮምኛ መረቁ፣ «ሆራ ቡላ»፣ ተባዙ፣ ኑሩ፣ አሉ፣ ተመልሰው በአማርኛ መረቁ። ሃምሳ አራት ቀን ያጠራቀሙት ነው፤ ዝናቡን መረቁ፣ ላሞቹን መረቁ፣ ሚዜዎቹን አንድ ባንድ መረቁ። ውጭ የሙሽራው መኪና ክላክስ ያሰማል፤ ሚዜዎቹ እግር ይቀያይራሉ። ሽማግሌ ሲመርቅ ግን ማን ያቋርጣል? ድንኳኑ በሙሉ «አሜን!» ይላል።

ልክ ስምንት ሰዓት ሲሆን ሚስታቸው ከተቀመጡበት ተነሡ። ባላቸው ያለበትን በሽታ ከቄስ የደበቁት እኚያ ሴት፣ ጎረቤቱ፣ እድርተኛው፣ የሙሽራው ዘመድ ሁሉ እያየ መድኃኒቱን ለክተው ይዘው በምርቃቱ መሀል ቀጥ ብለው መጡ።

«ውለዱ፣ ክበዱ፣ ፈጣሪ ልጅ—» ሲሉ ሚስትየው አገጫቸውን ቀና አደረጉላቸው። ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ፣ ዋጡ፣ አፋቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። እጃቸው ከልጃቸው ራስ ላይ አልተነሣም።

«የት ላይ ነበርኩ?» አሉ።

«ልጅ ይስጣችሁ ላይ!» አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ።

ዙሪያቸውን አዩ፤ ሚዜዎቹን አዩ፤ የሚጮኸውን ክላክስ ሰሙ። ፊታቸው ላይ አንዳች ሕመም አልነበረም።

«ግድ የለም፣» አሉ፣ «ከመጀመሪያው ልጀምር።»

ከመጀመሪያው ጀመሩ። እኔም ጉሮሮዬ እስኪዘጋ «አሜን!» አልኩ።